ዓሣዎቹን ሳታወጪ የመስታወቱን ነጭ ኖራ ማስለቀቅ ይቻላል

አብሽሪ እህቴ። የአኳሪየምሽ መስታወት ከውሃው ጠርዝ በላይ ነጭ ነገር እንደጋገረበት፣ ሰዎችም «ዓሣዎቹን አውጥተሽ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ በአቼቶ እጠቢው» እንዳሉሽ ጽፈሻል። እባክሽ እንዳታደርጊው። እኔ አድርጌው ዓሣ ገድያለሁ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እኛ ጋ ከደሴ ስለሚሞቅ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ የጎደለውን በየሁለት ቀኑ ከቧንቧ እሞላ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ቅርፊት መስታወቱን ዞረው። አንድ እሑድ ሰባቱን ጉፒ የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎቼን ባልዲ ውስጥ አድርጌ መስታወቱንም፣ ጠጠሩንም፣ የፊልትሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ ፈትጌ አጠብኩ። መስታወቱ እንደ አዲስ አበራ። በሳምንቱ አራቱ ሞቱ። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ነው፤ ያጠብኩት እነሱን ነበር።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ማሞቂያውን ከሶኬት ነቅዬ ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ እንደጋለ ከውሃ በላይ ከቀረ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፊልትሩንም አጠፋለሁ። ከዚያ አራት ጣት ያህል ውሃ በጎማ እቀንሳለሁ። ነጩን አቼቶ በስኒ ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅዬ፣ ሶፍት ነክሬ፣ ጠብ እንዳይል ጨምቄ ቅርፊቱ ላይ እለጥፈዋለሁ። አትርጪው፣ አታፍስሺውም። ጠብታ ብዙ አይጎዳም፤ ሲፈስ ግን የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) በድንገት ያወርደዋል፣ ዓሣ ደግሞ ድንገተኛ ለውጥ አይችልም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ኖራው ይላላል፤ ባገለገለ የባንክ ካርድ ከታች ወደ ላይ እፍቀዋለሁ፤ ከሥር በሌላው እጄ ጨርቅ ይዤ ፍርፋሪውን እቀበላለሁ። ግትር ካለ ሶፍቱን ደግሜ እለጥፋለሁ። ምላጭ የሚሆነው ለመስታወት ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቧጭረዋል፤ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ሲሊኮንም እንዳይነካው። በመጨረሻ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሁለት ሦስቴ መወልወል ነው። ሳሙና በፍጹም! ዕቃ የታጠበበት ስፖንጅ እንኳ አይግባ።

የምትመልሺው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ሳፋ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። አንቺ ያለሽበት ደሴ ብርድ ነውና ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምረሽ ከገንዳው ሙቀት ጋር አስተካክይው።

ኖራው ቶሎ እንዳይመለስ ዋናው አሞላልሽ ነው። ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል፤ በላዩ የቧንቧ ውሃ ስትጨምሪ ሌላ ማዕድን ትጨምሪበታለሽ። ስለዚህ የተነነውን ለመተካት እኔ ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ከላይ የጠለለውን ብቻ እቀዳለሁ፤ ሲፈላ ኖራው ድስቱ ሥር ይቀራልና። በክረምት ደግሞ ግቢ መሐል ሳፋ አስቀምጬ ዝናብ እሰበስባለሁ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን አልጠቀምም፤ ዚንኩ ለዓሣ መርዝ ነው። ክዳን ካደረግሽለት ትነቱ ራሱ ይቀንሳል።

ምን ዓይነት ዓሣ እንደያዝሽ አልጻፍሽም። ጉፒ ወይም ሞሊ ከሆነ ማዕድን ያለው ውሃ ይስማማዋልና ውሃውን ራሱን ለመለወጥ አትድከሚ፤ መስታወቱን ብቻ አጽጂለት።