«መጀመሪያ መጠጡን ታቁም» ለተባለችው ታናሽሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ23 ዓመት ታናሽሽ ከበላች በኋላ ተደብቃ ታስመልሳለች፤ ማታ ማታ ወይን ትጠጣለች። የወሰዳችኋት የሱስ ማገገሚያ «መጀመሪያ መጠጡን ታቁም፣ የምግቡ ነገር በኋላ ይታያል» ብሏችኋል። እናታችሁ ደግሞ ጠበል ትሂድ ይላሉ።

እኔ እዚሁ ሜሪላንድ በሱስ ሕክምና ክፍል በነርስነት ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ። ያ «በኋላ» የሚባለው ነገር ሲመጣ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል አትስማሙ።

ወይኑም ማስመለሱም ለእሷ የሚሰጡት አገልግሎት ተመሳሳይ ነው፤ ጭንቀቷን ለጥቂት ሰዓት ያበርዱላታል። አንዱ ብቻ ሲከለከል ሌላው ይበረታል። መጠጥ አቁማ ሁሉም «ጎበዝ» የሚላት ታካሚ፣ ከምሳ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ የቧንቧውን ውኃ ለቅቃ ትቆያለች። የሠራተኛው ዓይን ጠርሙስ ፍለጋ ላይ ስለሆነ ማንም ልብ አይላትም። እንዲያውም የመጠጥ አምሮት ያስታግሳል ተብሎ ከረሜላና ብስኩት በየጠረጴዛው ይቀመጣል፤ ቡሊሚያ፣ ማለትም ብዙ በልቶ የማስመለስ ሕመም፣ ላለባት ልጅ ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ የሚውሉት ማታ የሚጠጡት ወይን እንዳያወፍራቸው መሆኑን የነገሩኝም ብዙ ናቸው። እንግዲህ ስለ ምሳዋ ሳይጠይቁ ስለ ወይኗ ብቻ መጠየቅ ምን ይረባል?

ታናሽሽ ብቻዋን አይደለችም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሱስ ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ የአመጋገብ መታወክ ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት አልኮል ወይም ዕፅ አላግባብ እንደሚጠቀሙ ገልጿል፤ በጠቅላላው ሕዝብ ግን 9 በመቶ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሰውነቷ ነው። ማስመለስ ፖታሲየምን ያወርዳል፣ ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። መጠጡ ደግሞ ማግኒዢየምንና ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ቢ1 ያሟጥጣል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ቤት ቆልፋችሁባት «በቃ አቁሚ» እንዳትሉ። ክብደቷ በጣም ቀንሶ ከሆነም በአንድ ጊዜ ገንፎና ቅቤ አትጫኗት። የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት ያሽቆለቁላል፤ ይህም ልብንና አተነፋፈስን እስከ ማወክ ይደርሳል። ሐኪም ቤት ታያሚኑን ከግሉኮስ በፊት ወይም አብሮ የሚሰጡት፣ ምግቡንም ደም እየመረመሩ ቀስ በቀስ የሚጨምሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

መድኃኒትም አለ። ቡፕሮፒዮን ለድብርትና ሲጋራ ለማቆም በብዛት ይታዘዛል፤ ቡሊሚያ ላለበትም ሆነ መጠጥ በድንገት ለሚያቆም ሰው ግን የመንቀጥቀጥ አደጋ ስላለው ክልክል ነው። እሷ ሁለቱም አለባት። ማስመለሷን ያልሰማ ሐኪም በቅን ልቦና ሊያዝላት ይችላል። ለቡሊሚያ ፍሉኦክሰቲን፣ ለመጠጡ ናልትሬክሶን አሉ፤ ሁለቱንም ችግር የሚያውቅ አንድ የአእምሮ ሐኪም ይወስንላት።

ሌላ ማዕከል ስትደውዪ ፖታሲየም፣ ማግኒዢየምና ፎስፌት እንዲሁም የልብ ምርመራ በመግቢያ ቀን ይደረግ እንደሆነ ጠይቂ። ከምግብ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ከታካሚዎች ጋር ማን ይቀመጣል? የሥነ ምግብ ባለሙያው በቡድኑ ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? «ለምግቡ ወደ ውጭ እንልካለን» ካሉሽ፣ ሁለቱ ባለሙያዎች በየሳምንቱ ይነጋገሩ እንደሆነ ጠይቂ። መልሱ ከተድበሰበሰ ወደ ሌላ እለፊ።

ስለ ጠበሉ፦ እኔም እሄዳለሁ፣ እናታችሁን አልነቅፍም። መጠመቁ ይሁንላት። ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለሱ ግን ለእሷ ያው በሽታዋ ነው፤ ፖታሲየሟንም ይብስ ያወርደዋል። መድኃኒት ማቋረጥም አያስፈልግም፤ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ጾሙን በተመለከተ ለንስሐ አባቷ ሕመሟን ንገሯቸው። እስከ 9 ሰዓት መጾም እንዲህ ላለ ሕመም ምቹ መደበቂያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሕመምተኛን አታስገድድም።

እንግዶች ሲመጡ «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል» የሚሉትን ምርቃት አስቀድመሽ አስቁሚ፤ «ከሳሽ» የሚለውንም። ማዕድ ላይ ጉርሻ አታስገድዷት፣ አብራችሁ ብሉ፤ ከተበላ በኋላም ቡና አፍሉና ሳሎን አቆዩአት።

ደም ካስመለሰች፣ ራሷን ከሳተች ወይም ልቧ እየዘለለ ካስቸገራት ቀጠሮ አትጠብቁ፣ 911 ደውሉ። መሞትን ካነሳች ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው ወደተዘጋጀው የስልክ መስመር፣ 988፣ ደውሉ፤ ሌሊትም ይሠራል።