ልጁን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣዋል? የአኒሜ አባቶች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር ስለ ጃፓን ካርቱን አባቶች ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የዓመት ያህል ደብዳቤ ወረደብኝ። ግማሹ ከወላጆች ነው፣ ግማሹ ደግሞ «ካርቱን አይባልም፣ አኒሜ ነው» ከሚሉ ልጆቻቸው። እሺ፣ አኒሜ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ እመልሳለሁ። ታሪኩን ገና ያልጨረሳችሁ ካላችሁ ፍጻሜው እዚህ ይነገራል፤ በኋላ ቅሬታ አልቀበልም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ጎኩ ጥሩ አባት ነው ወይስ አይደለም? (ዘጠኝ ሰው ጠይቋል። ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው፤ ክትፎ ተወራርደዋል።)

ባልየው ይክፈል። አይደለም።

ለማያውቁት፣ ጎኩ አኪራ ቶሪያማ ከ1984 እስከ 1995 የሳለው የ«ድራጎን ቦል» ባለታሪክ ነው። ምድርን ስንት ጊዜ እንዳዳናት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። የዋህ ነው፣ ብርቱ ነው፣ ሲበላ ለጉድ ነው። ተንኮል የሚባል አልፈጠረበትም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በቀለለልኝ።

ሴል ከሚባለው ጭራቅ ጋር የተደረገውን ፍልሚያ ያዩ ያስታውሱታል። ጎኩ ጥቂት ከታገለ በኋላ «በቃኝ» ይልና ልጁን ጎሃንን ተራው ያንተ ነው ብሎ ያስገባዋል። ይባስ ብሎ ውጊያው ሚዛናዊ ይሁን በሚል ለሴል ጉልበት የምትመልሰዋን ባቄላ ይወረውርለታል። ለጠላት! ጎሃን ገና ልጅ ነው፤ መጽሐፍ እንጂ ጠብ አይወድም። ልጁ ሲደቆስ የሚጮኸው የጎሃን የውጊያ መምህር፣ አረንጓዴው ፒኮሎ ነው። ጎሃን እንዳንተ ውጊያ የሚጥመው አይደለም፣ አሁን በልቡ «አባቴ ስሞት እያየ ለምን ዝም አለኝ» እያለ ነው ይለዋል። የጎኩ ፊት ያኔ ይለዋወጣል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ በአእምሮው ሽው ብሎ አያውቅም። የልጁን ጉልበት ከማንም አስቀድሞ መዝኖታል፤ የልጁን ጠባይ ግን የነገረው ጎረቤት ነው።

ከዚያ ሴል ሊፈነዳ ሲል ጎኩ ይዞት ተሰወረና አብሮት ሞተ። እዚህ ላይ እኔም አልቅሻለሁ። ግን በዚያ ዓለም የሞተ ይነሣል፣ ወዳጆቹም ሊያስነሡት ነበር። እምቢ ያለው ራሱ ነው፤ ጠላት የሚመጣው በእኔ ሰበብ ስለሆነ እዚሁ ልቅር አለ። ሰባት ዓመት ቀረ። ሚስቱ ቺቺ ግን ነፍሰ ጡር ነበረች። ሁለተኛው ልጅ ጎተን አባቱን ያየው ጎኩ ለውድድር የአንድ ቀን ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ ከእናቱ ኋላ ተደብቆ አጮልቆ ያየዋል። ቀጥሎ ሮጦ ይጠመጠምበታል።

ያቺን ትዕይንት በደህና አልፌያት አላውቅም። አባቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሲመጣ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ሆኜ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነው፤ ማሰሪያው ድረስ አቧራ የጠጣ ጫማ። ድምፁን እስክለምደው ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል። እሱን ከጎኩ ጋር ለመደመር አይደለም ይህን ማንሣቴ። አባቴ ሲሄድ አስቤዛ ተገዝቶ ነበር፤ የጎኩን ቤት ግን ሲደጉሙ የኖሩት አማቱ ናቸው።

ስለዚህ «ለልጁ ይሞታል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ መልስ የለኝም። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ለመሞት አንደኛ ናቸው፤ ሙዚቃውም ያግዛቸዋል። የእኔ ጥያቄ ልጁን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣዋል የሚል ነው። ድራጎን ቦል ለዚህ ቃል በቃል መልስ አለው። በ2022 በወጣው ፊልም ጎሃን አድጓል፣ ምሁር ሆኗል፣ ፓን የምትባል ሕፃን ልጅ አለችው። ያ አባቱን ሲናፍቅ ያደገ ልጅ በምርምሩ ተጠምዶ ቀና አይልም። እናትየውም ሥራ አለባት። ፓንን ከሙአለ ሕፃናት እንዲያመጣ የሚለመነው ማን ነው? ፒኮሎ! ያንን ጎሃንን በአራት ዓመቱ ለብቻው በረሃ ጥሎት የሄደው ፒኮሎ፣ ኋላም ጋሻ ሆኖለት የሞተው ፒኮሎ። አያትየው ላይ እንደጮኸ ሁሉ አሁን ጎሃን ላይ ይጮኻል። የዚያ ቤት አባት ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

የጎኩ ተፎካካሪ ቬጂታስ?

ከጎኩ ይሻላል። ልጁን ትራንክስን በልምምድ ላይ ፊቴን ከነካኸኝ መናፈሻ እወስድሃለሁ ይለዋል፤ ልጁ ይነካዋል። ሊሞት ሲል ደግሞ ከሕፃንነትህ ጀምሮ አቅፌህ አላውቅም ብሎ ያቅፈውና ወዲያው መትቶ ራሱን ያስተዋል፣ እንዳይከተለው። አስተቃቀፉ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ናሩቶ ስንት ልጆች አሉት?

ሁለት። ቦሩቶና ሂማዋሪ።

«የ11 ዓመት ልጄ 'አባዬ፣ አንተ ሻዶው ክሎን ነህ' አለኝ። ትርጉሙን ብጠይቀው በር ዘጋብኝ።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፤ ሌሊት ታክሲ፣ ቅዳሜና እሑድ ፓርኪንግ የሚሠሩ አባት)

ወንድሜ፣ ትርጉሙ ትንሽ ያማል፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ናሩቶ እናትና አባቱ በተወለደበት ሌሊት የሞቱበት ልጅ ነው። መንደሩ ሁሉ ሲሸሸው አድጎ የመንደሩ አለቃ፣ ሆካጌ ይሆናል። ዋና ችሎታው ራሱን ማባዛት ነው፤ አንድ ናሩቶ መቶ ናሩቶ ይሆናል፤ ሻዶው ክሎን ማለት ያ ነው። በ2015 ፊልም የትንሿ ልጁ የሂማዋሪ ልደት ነው። ናሩቶ ቢሮ ወረቀት ተከምሮበት ቤቱ ክሎኑን ይልካል። ክሎኑ ኬኩን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ቢሮ ያለው ዋናው ሰው ይደክመዋል። ክሎኑ ቡፍ ብሎ ይጠፋል። ኬኩ መሬት ላይ ይፈርጣል። ታላቁ ቦሩቶ የአባቱን የጥንት ጃኬት በመስኮት የወረወረው ያን ማታ ነው።

ልጅዎ ቤት የሚመጣው ደክሞት የሚተኛው ግልባጭ ነው እያለዎት ነው። አይቆጡት። ናሩቶ መጥፎ ሰው አይደለም፣ እርስዎም አይደሉም፤ የቤት ኪራዩን ደግሞ ክሎን አይከፍለውም። ግን በሳምንት አንዲት ቀን፣ አንዲት ሰዓት፣ የታወቀች፣ ስልክ የማይነሣባት ትኑራችሁ። ያንን ፊልም አብራችሁ እዩት፤ ኬኩ ሲወድቅ ዝም ይበሉ፣ እሱ ያወራል። እዚህ ላይ «የቤተሰብ አማካሪም ያነጋግሩ» የሚል መስመር መጨመር ወግ ነው፤ ይኸው ጨመርኩ።

«ጃፓኖች ልጅ አይወዱም እንዴ? ያ ሁሉ አባት ወይ ይሞታል ወይ ይጠፋል።»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ! አባት ቤት ካለ ልጁን ብቻውን ጉዞ ማን ይለቀዋል? ታሪኩ በሁለተኛው ገጽ ያልቃል። የእኛ ተረት ልጆችስ ስንቶቹ ናቸው አባትና እናታቸው የሞቱባቸው?

ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ አንድ እውነት አለ። ጃፓን ውስጥ «ታንሺን ፉኒን» የሚባል የታወቀ ኑሮ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ አባትየውን ወደ ሌላ ከተማ ያዛውረዋል፣ ቤተሰቡ የልጆቹ ትምህርት እንዳይቋረጥ ብሎ ይቀራል። ሕጉ ለአባቶች የሚሰጠው የልጅ ማሳደጊያ ፈቃድ በወረቀት ላይ ከዓለም ለጋሶቹ አንዱ ነው። የሚወስደው ግን አልነበረም፤ በ2017 ከመቶ አባቶች አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። መንግሥት ከገፋበት ወዲህ ቁጥሩ ወጥቶ በ2023 በጀት ዓመት 30 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ ሆካጌው በወረቀት ክምር ውስጥ ሲያንቀላፋ ያየ የቶኪዮ ልጅ ድግምቱን ሳይሆን አባቱን ነው ያየው።

ጃፓኖች ራሳቸው ጥሩ አባት ሲባሉ ደጋግመው የሚጠሩት ደግሞ ጀግና አይደለም። «ሺን ቻን» በሚባለው አኒሜ የትንሹ ልጅ የሺን አባት ሂሮሺ ኖሃራ ነው፤ የ35 ዓመት ሰው፣ ካሱካቤ ከምትባል ከተማ በባቡር ቶኪዮ እየተመላለሰ የሚሠራ፣ የቤት ዕዳው 32 ዓመት የቀረው፣ ካልሲው የሚገማ። (የእሱም ትንሽ ልጅ ሂማዋሪ ናት። አጋጣሚ ነው መሰለኝ።) በ2001 በወጣው ፊልም ትልልቆቹ ሁሉ የድሮ ዘመን ሽታ ይለቀቅባቸውና ልጅነታቸው ተመልሶ የገዛ ልጆቻቸውን ይረሳሉ። ሂሮሺም ሺንን አያውቀውም። ሺን ምን ያደርጋል? የአባቱን ጫማ አውልቆ አፍንጫው ላይ ይደፍናል። በዚያች ግማት ውስጥ ሕይወቱ ሁሉ ይመለስለታል፤ ከአባቱ ብስክሌት ኋላ የተቀመጠበት ቀን፣ የመጀመሪያ ሥራው፣ ትዳሩ፣ የልጁ መወለድ፣ በሙቀት ላብ እያጠመቀው የተመላለሰበት መንገድ። ያለቅሳል።

ልዕለ ኃያል ሁሉ ተሰብስቦ ያቺን ጫማ የሚያህል ትዕይንት አላሳየኝም።

የ«ስፓይ ፋሚሊ»ው ሎይድ ፎርጀር የማደጎ አባት ነው፣ ያውም ውሸታም ሰላይ። እሱን ለምን ሁሉም ይወደዋል?

በትምህርት ቤቱ ቃለ መጠይቅ ላይ አንዱ ፈታኝ የማደጎ ልጁን ትንሿን አንያን የድሮ እናትሽና የአሁኗ ማን ትበልጣለች ብሎ ሲያስለቅሳት፣ ሎይድ ጠረጴዛውን በቡጢ ሰብሮ «ትንኝ ነበረች» ስላለ ነው። ተልዕኮውን በአንዲት ትንኝ ሊያበላሽ ነበር።

«የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። 'ማይ ሂሮ አካዳሚያ' ላይ ፊቱ የተቃጠለውን ልጅ ባየ ቁጥር 'የኔም አባት እንደዚህ ነው' ይላል። ባለቤቷ ሌሊት 11 ሰዓት እየቀሰቀሰ ያስሮጠዋል፣ ከክፍሉ አንደኛ ካልወጣ ይገርፈዋል። 'ለራሱ ብዬ ነው' ይላል። ጣልቃ ልግባ?» (ከፍራንክፈርት፣ አክስት)

ይግቡ፤ ዛሬውኑ።

ልጁ የሚያወራው ስለ ሾቶ ነው። የሾቶ አባት ኤንዴቨር በደረጃ የአገሩ ሁለተኛ ጀግና ነበር፤ አንደኛውን በልጁ በኩል ለመብለጥ ብሎ ሚስቱን ለሚወረስ ኃይሏ አገባ፣ ሾቶን በአምስት ዓመቱ እየደበደበ አሠለጠነ። እናትየው አእምሮዋ ተነክቶ የፈላ ውኃ ደፋችበት። ኤንዴቨር ኋላ ተጸጽቶ ለቤተሰቡ ሌላ ቤት ሠራና እኔ ከእናንተ ጋር አልገባም አለ። ሁለተኛው ወንድ ልጁ ናትሱኦ አሁንም ይቅር አላለውም፤ ደራሲውም አላስገደደው። እኔም አላስገድደውም።

የእህትዎ ልጅ ስለ ካርቱን እየነገረዎት አይደለም እቴ። ያለውን ደግመው አይጠይቁት፣ አባቱም ፊት አያንሱበት። ለብቻው ያግኙትና «አምኜሃለሁ» ይበሉት። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ይነጋገሩ፣ ለሕፃናትና ወጣቶች ሐኪም ወይም ሥነ ልቦና ባለሙያ ያሳዩት፤ የከተማው ዩገንዳምት (የሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ቢሮ) የተቋቋመው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ልጁ ራሱ ማውራት ከፈለገ ጀርመን ውስጥ 116 111 ይደውል፣ ነፃ ነው። «ሽማግሌ እንላክበት» የሚልዎት ይኖራል። ሽማግሌው ባልና ሚስት ያስታርቅ፤ ግርፋቱን ማስቆም ግን ለሽማግሌ የሚተው አይደለም። ሌሎች መልሶቼን እንደ ጨዋታ ይውሰዷቸው፤ ይህንን ግን አደራ፣ ይፈጽሙት፤ ሲፈጽሙም ይጻፉልኝ።

ልጄ በቀን ስድስት ሰዓት አኒሜ እያየ ዓይኑ ይቀላል።

ዓይን ሐኪም ያሳዩት። ስድስቱን ሰዓት ሁለት ያድርጉት። ቀጣይ።

«ልጄ እንደ ጎኩ ሱፐር ሳይያን ልሁን ብሎ ፀጉሬን ቢጫ ልቀባ እያለ ያስቸግረኛል። ምን ልበለው?»

ትምህርት ሲዘጋ ይቀባ። ጳጉሜን ላይ ይላጫል።