ቤዙን ከአልጋ ስር አወጣሁት፣ ማይክ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ጎንደር አዘዞ ነው የምኖረው። ድሮ ከጓደኞቼ ጋር ሰርግ ላይ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር፣ ሥራ ትዳር ልጅ ምናምን ሲባል ቀረ። አሁን እንደገና ጀምሬ ቤቴ መቅዳት ፈልጌያለሁ ግን ጣቴ ውሃ ይቋጥራል፣ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ስለሌለኝ ደግሞ በስልክ ስቀዳው የክሩ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው የሚሰማው። ማይክ ልግዛ? ልጅም ይተኛል ጎረቤትም አለ።

መልስ፦ ወንድሜ ማይኩን እርሳው። ቤዝ ያለ አምፕ እንጨቱ ብዙም አይጮህም፣ ድምፁን የሚይዘው ከክሩ ስር ያለው ፒካፕ ነው፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔት ማለት ነው። አምፕና ማይክ ብትገዛ እንኳ ወፍራሙ ኢ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል፣ የኛ ሳሎን ደግሞ ስንት ሜትር ነው? አንዱ ጥግ ላይ ይጎላል፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ስትል ይጠፋል።

በቃ ቀጥታ ሰካው። ትንሽ ሳውንድ ካርድ ፈልግ፣ ቤዙን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን ማለቴ ነው፣ ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም፣ ግን ለጊታር የሚሆን መግቢያ እንዳለው ሳታይ እንዳትከፍል፣ በተራ ላይን መግቢያ ከገባ ድምፁ ሕይወት አይኖረውም። ሄድፎኑን እሱ ላይ ሰክተህ ትሰማለህ፣ ልጁም ይተኛል። ለመቅጃ ኦዳሲቲ በነጻ ነው፣ ሪፐርም 60 ቀን በነጻ ያስሞክርሃል። በ24 ቢት ቅዳ፣ ድምፁ በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከማይነስ 12 ዴሲቤል ብዙ አይለፍ፣ ስትመታውና ስትሰማው ዘግይቶ ከመጣብህ በፈሩን (ላፕቶፑ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያሳልፍበትን መጠን) ወደ 128 አውርደው።

እዝዝዝ የሚል ነገር ከሰማህ መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀል፣ ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፣ ቤዝ ቀጂ ግን ባትሪው እስካለ የተሻለ ቅጂ ያገኛል እኮ!

የጣትህ ነገር ይድናል፣ ውሃ ሲቋጥር አቁም፣ ክሩ ከአንገቱ በጣም ርቆ ከሆነ ግን ዝቅ አስደርገው። እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜ አጠባበቅህ ነው፣ ሰርግ ላይ ድራመሩ ይሸፍንልሃል፣ ሄድፎን ውስጥ ማንም የለም። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥርልህን) ክፈትና ችክችካውን በዝግታ ያዘው፣ ከስድስቱ ምት አንደኛውንና አራተኛውን ብቻ እየመታህ፣ እሱ ሳይወላገድ ሲሄድልህ ነው ወደ ባቲም ወደ አንቺሆዬም የምትገባው። ክር ከቀየርክ ደግሞ ከመቅዳትህ አንድ ሁለት ቀን ቀደም በል፣ አዲስ ክር ስለሚላላ መሀል ላይ ቅኝቱ ይወርድብሃል።