ኤጀንቱ «ሴቭ»ን የሚስተው ማውሱ ተበላሽቶ አይደለም

ሐረር ሸዋ በር ጋ የፅህፈት መሳሪያ ሱቅ ያለሽ እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። የእህትሽ ልጅ ስክሪን እያየ ማውስና ኪቦርድ የሚያንቀሳቅስ ኤአይ ኤጀንት ጭኖልሽ ደረሰኝ እያየ ስቶክ ይመዘግብልሽ ነበር፣ ትልቅ ሞኒተር ከገዛሽ ወዲህ ግን ከላይ በግራ ያለውን «ፋይል» በትክክል እየተጫነ ከታች በቀኝ ያለውን «ሴቭ» ስቶ ሰንጠረዡ መሀል ይጫናል። እዚህ ድሬ ሆኜ ሳላየው ልንገርሽ፣ ችግሩ የስክሪኑ መጠን ነው። ወደ ቀኝና ወደ ታች በሄደ ቁጥር እየባሰ ከመጣ እኔ ሌላ ነገር አልጠረጥርም።

ከሁሉ በፊት የባንክሽን ገፅ ዝጊ። እየሳተ ያለ ክሊክ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ቀድሞ ያየልሽ ሰው ማውስ አስገዝቶሽ ዊንዶውሱን ፎርማት ማድረጉ በጣም አናዶኛል። ኤጀንቱ እኮ ክሊኩን የሚልከው በሶፍትዌር ነው፣ ማውሱን ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ ብትከቺውም ይሰራል።

ይሄን ግን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ኤጀንቱ ስክሪንሽን እንደ ቪዲዮ አያየውም፣ አንድ ስክሪንሹት ያነሳል፣ ይወስናል፣ ይጫናል፣ ከዛ ሌላ ያነሳል። ትልቅ ስክሪንሹት ስለሚከብድ ወደ ሞዴሉ፣ ማለትም ምስሉን አይቶ ወደሚወስነው ኤአይ፣ ከመሄዱ በፊት መጠኑ ይቀነሳል፣ ለምሳሌ 1920 በ1080 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) የነበረው 1280 በ720 ይሆናል። ሞዴሉ ትንሿን ምስል አይቶ «ሴቭ ከግራ 1200፣ ከላይ 700 ላይ ነው» ይላል፣ እውነተኛው ስክሪን ላይ ግን ቦታው 1800 እና 1050 ነው፣ ምክንያቱም በ1.5 መባዛት አለበት። ኮዱ ካላባዛው ክሊኩ 600 ፒክስል ወደ ግራ 350 ፒክስል ወደ ላይ ሸሽቶ ያርፋል። «ፋይል» ግን 20 እና 10 ላይ ከሆነ ትክክለኛው 30 እና 15 ነው፣ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ያው እዛው ቁልፉ ላይ ይወድቃል፣ ለዛ ነው ጤነኛ የመሰለሽ። አንትሮፒክ የሚባለው የኤአይ ኩባንያ ራሱ ክላውድ የሚባለው ሞዴሉ ስክሪን እያየ እንዲጫን የሚያደርገውን ነገር ኦክቶበር 2024 ሲያወጣ እንደ 1024 በ768 ያለ አነስ ያለ ሪዞሉሽን (የስክሪኑ የፒክስል ብዛት) ተጠቀሙ ብሎ ነበር። የዊንዶውስ ስኬል፣ ማለትም ፅሁፍና ምስልን የሚያጎላው ቅንብር፣ 150% ሲሆንም ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣል።

ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ፣ ስኬሉን 100%፣ ሪዞሉሽኑን 1280 በ720 አድርጊና ሳይን አውት ብለሽ ተመለሺ። ከዛ ፔይንት ክፈቺና ኤጀንቱን አራቱ ጥግና መሀል ላይ ነጥብ አድርግ በይው። ነጥቦቹ ወደ ላይ ግራ ከተሰበሰቡ ኮዱ አሁንም አያባዛም ማለት ነው፣ ልጁ ያስተካክለው። ሁሉም በእኩል መጠን ከተንሸራተቱ ግን ሌላ ነው፣ ሁለተኛ ሞኒተር ተሰክቶ እንደሆነ እዪ።

ሞኒተሩን ያገናኘሽበት ርካሽ የቪጂኤ አዳፕተርም (የድሮው ዓይነት የሞኒተር ገመድ ማገናኛ) ይውጣ፣ የሞኒተሩን ማንነት በትክክል ስለማያሳልፍ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሪዞሉሽኑ ሊቀየርብሽ ይችላል። ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ካለው በቀጥታ ሰኪው።

ሲስተካከልም ቢሆን የባንክ ገፅ እዛ ኮምፒውተር ላይ እንዳትከፍቺ። ኤጀንቱ ስክሪን ላይ ያነበበውን ፅሁፍ ያንቺ ትእዛዝ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፣ አንድ ሰው የላከልሽ ደረሰኝ ላይ «ይሄን ፋይል ላክ» የሚል ተደብቆ ቢፃፍ ሊልከው ይችላል። አድሚን ያልሆነ የራሱ ዩዘር ክፈቺለት፣ ፓስወርድ አታስቀምጪበት፣ ስራ ላይ ትተሽው ለምሳ አትውጪ።

ካልሆነልሽ የፔይንቱን ነጥቦችና የዲስፕሌይ ሴቲንጉን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።