ባለ ስድስት እግሩም ያው መዥገር ነው

ጥያቄ፦ ላሜን መዥገር ፈጅቷታል። ከትልልቆቹ ጋር ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ትንንሾች አሉ። ልጄ በማጉያ መነጽር አይቶ «ትልልቆቹ ስምንት እግር አላቸው፣ ትንንሾቹ ግን ስድስት» አለኝ። ሁለት ዓይነት ተባይ ነው? መድኃኒት ስረጭ ይረግፋል፤ ሳምንታት ቆይቶ ይመለሳል።

መልስ፦ ልጅዎ በደንብ ቆጥሯል፣ ይበርታ። ተባዩ ግን አንድ ነው። መዥገርን ከቁንጫና ከቅማል ጋር አብረን ስለምንጠራው ነፍሳት ይመስለናል እንጂ ዘመዶቹ ሸረሪትና ጊንጥ ናቸው። ነፍሳት ስድስት እግርና አንቴና (ራሳቸው ላይ ያለ መዳሰሻ) አላቸው፤ እነዚህ ስምንት እግር አላቸው፣ አንቴና ግን የላቸውም። የመዥገር ጫጩት ከእንቁላል የሚወጣው በስድስት እግር ነው። ደም ጠጥቶ ቅርፊቱን ሲቀይር አራተኛው ጥንድ ይጨመርለታል። እንደ አንበጣና እንደ ሸርጣን የውጭ ቅርፊቱ ደረቅ ስለሆነ እሱን ሳይጥል አያድግም።

የሚመለስበትም ምክንያት እዚሁ ላይ ነው። ቡፊለስ የሚባለው ዓይነት ከጫጩትነት ጠግቦ እስኪወድቅ ሦስት ሳምንት ገደማ እዚያችው ላም ላይ ይቆያል። አምብሊዮማ ግን፣ ያ እግሩ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ጡት አካባቢ መጣበቅ የሚወደው፣ በየደረጃው ጠግቦ ይወርድና መሬት ላይ ቅርፊቱን ቀይሮ ሌላ እንስሳ ይጠብቃል። ጠግባ የወደቀች እንስት በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ ጫጩቶቹ ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው ወራት ሊጠብቁ ይችላሉ። እርስዎ የረጩት ላሟ ላይ ያሉትን ብቻ ነው።

ስለዚህ በመዥገር ወቅት አንድ ጊዜ ረጭተው አይተዉት፤ መድኃኒቱ ላይ በተጻፈው መጠንና የጊዜ ልዩነት ይድገሙት፣ የመንጋውንም ከብት ሁሉ አብረው ይርጩ። ጀርባዋን ብቻ አርሶ መተው ከንቱ ድካም ነው። ጆሮ ውስጥ፣ ብብት፣ ጭራ ሥርና ጡት ዙሪያ ይድረስ። በእጅ የነቀሉትን በረት ውስጥ አይጣሉ፣ እንቁላሏን እዚያው ትጥላለችና። በጣትም አይጨፍልቁ፤ ደሙ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖረው ይችላል። እሳት ውስጥ ይጨምሩት።

አሚትራዝ ከሆነ የሚረጩት፣ በቅሎና ፈረስ ላይ እንዳያሳርፉት፤ ሆዳቸውን አድርቆ ሊገድላቸው ይችላል። በመርፌ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ወተቷ ለሚጠጣ ላም አይወጋም።

ላሟ ትኩሳት ካላት ወይም ሽንቷ ከቀላ ግን ርጭቱ ይቆይና በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት።