ጨርቁ ላይ ያልተገኘው መዥገር

ጥያቄ፦ የክራይሚያ-ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ቫይረስ በአካባቢያችን መዥገሮች ውስጥ ስለመኖሩ ቅኝት ጀምረናል። ነጭ ጨርቅ በሣሩ ላይ ብንጎትትም ቫይረሱን ያስተላልፋል የሚባለውን ሃያሎማ የተባለ የመዥገር ዓይነት አላገኘንም። ከከብት የነቀልነውን ብቻ ብንመረምር ይበቃል? (የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከአዋሽ አካባቢ)

መልስ፦ ጨርቁ ላይ አልተገኘም ማለት መዥገሩ የለም ማለት አይደለም። ጨርቅ መጎተት የሚያዋጣው ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው አላፊ እንስሳ ለሚጠብቁ ዝርያዎች ነው። ያደገ ሃያሎማ ግን አፈርና ቁጥቋጦ ሥር ተሸሽጎ ይቆይና እንስሳ መቅረቡን ሲያውቅ ራሱ እየሮጠ ይመጣል። ስለዚህ ስባችሁ ራሱ እንዲመጣ አድርጉ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፉ፤ መሃሉ ላይ ጎኑ የተበሳ የፎም ሣጥን አስቀምጡና ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ በረዶ (በቅዝቃዜ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ጨምሩበት። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ትንፋሽ ይስባቸዋል። ነፋስ ከበዛ ጋዙ ስለሚበተን ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል። ከአጠገቡም ሳትርቁ ተከታተሉት፤ ግን ተጠንቀቁ፣ ሃያሎማ ፈጣን ነው፣ ጨርቁን ትቶ ወደ እናንተ ይዞራል። ረጅም አፉና እግሮቹ ላይ ያሉት ነጣ ያሉ ቀለበቶች ይለዩታል።

ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ መዥገሩን በወረንጦ ብቻ ያዙ። በጣት መጨፍለቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ቫይረሱ በዚያም መንገድ ሰው ይይዛል።

ከከብት የተነቀለው ብቻውን አይበቃም። ከብት ሳይታመም ቫይረሱን ለጥቂት ቀናት በደሙ ይዞ ይቆያል። ደም የጠገበ መዥገር ቫይረስ ቢገኝበት የራሱ ይሁን የጠጣው ደም መለየት አይቻልም። ጣሉት አንልም፤ ግን ለብቻው መዝግቡት፣ ካልጠገበው ጋርም አትቀላቅሉት።

ብዙ ቅኝት የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው። ምርመራው የሚፈልገው የቫይረሱ አር ኤን ኤ (ዘረመሉ) በሙቀት ቶሎ ይፈርሳል። መዥገሮቹን በሕይወት እያሉ እርጥብ ወረቀት ባለበት ብልቃጥ አምጡ፣ ዝርያቸውን በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ለዩና ወዲያው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ። ከቤተ ሙከራ ከራቃችሁ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ባለሙያዎች የሚይዙት የፈሳሽ ናይትሮጅን ዕቃ ጥሩ መፍትሔ ነው። አንዴ ቀልጦ እንደገና የበረደ ናሙና ቫይረስ እያለበት «የለም» ሊል ይችላል።

ለፒ ሲ አር (የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ ለሚለየው ምርመራ) አንድ ዓይነት ዝርያ፣ ፆታ፣ ቦታና ቀን ያላቸውን ከ5 እስከ 10 አድርጋችሁ በአንድ ቱቦ ሰብስቡ። መፍጨቱ በባዮሴፍቲ ካቢኔት (ቫይረሱ ወደ ሠራተኛው እንዳይወጣ አየሩን በሚያጣራ የሥራ ሣጥን) ውስጥ ይሁን። ለምሳሌ 400 መዥገር በ40 ቱቦ ተመርምሮ 2 ቱቦ ፖዘቲቭ (ቫይረስ የተገኘበት) ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ የተያዘ መዥገር አለ ብለን ስንቆጥር ዝቅተኛው የመያዝ መጠን ከ1000 መዥገር 5 ነው። ከአንድ ቱቦ ውስጥ ስንቱ እንደተያዘ ስለማይታወቅ «ዝቅተኛው» የሚለው ቃል ከሪፖርታችሁ አይቅር።

ጥያቄ፦ አልኮል ውስጥ ያቆየናቸውስ?

መልስ፦ ዝርያ ለመለየት ይሆናሉ። ሕያው ቫይረስ ግን አይገኝባቸውም፤ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ሲቆዩ አር ኤን ኤውም እየተጎዳ ይሄዳል። ምልክታቸውን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።