ጠያቂና መላሽ፦ የታጠቅ ሰፈር ሠልጣኝ ውሎ

በ1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ከየክፍለ ሀገሩ የተመለመሉ ገበሬዎች ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሆለታ መንገድ ባለው የታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነዋል። ሰኔ 18 ቀን 1969 የሚሊሺያው ጦር በአብዮት አደባባይ ሰልፉን አሳየ፤ ከዚያም ወደ ግንባር ዘመተ። ስለዚያ ሰፈር ኑሮ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አምስቱን ዛሬ እንመልሳለን።

አያቴ ታጠቅ ከሠለጠኑት አንዱ ነበሩ። ስለ ሰፈሩ ሲነሳ ከሁሉ አስቀድመው የሚያወሩት ስለ ጫማ ነው። ለጦርነት የሄደን ሰው ጫማ እንዴት ይህን ያህል ያስቸግረዋል? (አንባቢ፣ ከቡራዩ)

አያትዎ ዋናውን ነገር ነው የነገሩዎት። በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ ያደገ ገበሬ እግሩ ከፊት ሰፊ ነው፣ ጣቶቹም የተዘረጉ ናቸው። ከስክስ ጫማ ደግሞ ፊቱ ጠባብ ነው። ቁጥሩ በርዝመት ቢገጥም በወርዱ ይጨምቃል። ሠልጣኙ ይህን ሽሽት ትልቅ ቁጥር ሲወስድ ደግሞ ተረከዙ ውስጥ ለውስጥ እየተንሸራተተ ይላጣል። ስለዚህ ጫማ የሚለካው እግር አበጥ ባለበት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ፣ ካልሲ ተደርጎና ተቆሞ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ ጣት ወርድ ክፍተት ይተርፋል፤ ሲራመዱ ተረከዙ መነሳት የለበትም። ማሰሪያው ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ በጣቶቹ በኩል ላላ ይላል። አዲስ ጫማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአንድና ለሁለት ሰዓት ብቻ እየተደረገ ቢለመድ ጥሩ ነበር፤ በጦርነት ጊዜ ግን ማን ያን ያህል ይጠብቃል!

ውሃ የቋጠረ እግር ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ጥፋት ቆዳውን ገፎ መጣል ነው። ያ ቆዳ ከማንኛውም ፋሻ የተሻለ ክዳን ነው። ትንሽ ከሆነ አይነካም። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለ በሳሙና ይታጠባል፤ በተቀቀለ መርፌ ጠርዙ ላይ ይበሳል፤ ውሃው በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይወጣና ቆዳው እንዳለ ይሸፈናል።

ክረምት ሲገባ የባሰ ይመጣል። አካባቢው ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ያለው ስለሆነ በሰኔና በሐምሌ ሌሊቱ ብርድ፣ ሜዳው ጭቃ ነው። እግር በብርድ ለብዙ ሰዓት ረጥቦ ከቆየ፣ ውርጭ ባይኖርም እንኳ፣ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርበትም። መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ይገረጣል፤ ሲሞቅ ይቀላል፣ ያብጣል፣ እንደ እሳት ያቃጥላል። ጠብቆ የታሰረ ጫማ ያባብሰዋል። የደነዘዘን እግር እሳት ዳር ማስጠጋት አደገኛ ነው፤ ሰውየው ሳይሰማው ይቃጠላል። ማሸትም አይገባም። ጫማና ካልሲ ይወልቃል፣ እግሩ በጥንቃቄ ይደርቃል፣ ከፍ ተደርጎ ቀስ እያለ ይሞቃል። ለዚህ ነው ሁለት ጥንድ ካልሲ የግድ የሚያስፈልገው፤ አንዱ እግር ላይ ሲሆን ሌላው ከሸሚዝ ሥር በገላ ሙቀት ይደርቃል። ጫማውም እሳት ላይ አይደረቅም፤ ቆዳው ይኮማተርና ይሰነጠቃል፣ ሶሉም ይለቃል። ደረቅ ጭድ ወይም ጋዜጣ ይጠቀጠቅበታል፤ ሲረጥብ ይለወጣል።

የነርስነት ተማሪ ነኝ። በጦር ሰፈር ከቅማል ጋር ስለሚመጣው ትኩሳት ሰምቻለሁ። መርፌ የተወጉት ለምን ይብስባቸዋል? (ከሆለታ)

እህታችን፣ የምትይው የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። በደጋችን በተለይ በክረምት፣ ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበትና ልብስ በማይቀየርበት ቦታ ሁሉ ይነሳል። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ይህ ቅማል ከራስ ቅማል ይለያል፤ የሚኖረውም እንቁላሉን የሚጥለውም በልብስ ስፌት ውስጥ ሲሆን ወደ ገላ የሚመጣው ደም ለመምጠጥ ነው። በሽታው ወደ ሰው የሚገባው በዋናነት ቅማሉ ሲፈርጥ፣ በታከከና በተቧጨረ ቆዳ በኩል ነው። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር መካከል መጭመቅ፣ ሁሉም የሚያደርገው ቢሆንም፣ መቆም ያለበት ልማድ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ቅማል ትኩሳት የያዘውን ገላ ጥሎ ጎን ወደ ተኛው ይሄዳል። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት መልበስ በሽታውን እንዲህ ያዛምታል።

ገላን ብቻ መታጠብ አይበቃም። ልብሱና ብርድ ልብሱ በአንድ ቀን፣ የሁሉም ሰው በአንድ ላይ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ ይታጠባል፤ ስፌቱ በከሰል ካውያ ይተኮሳል። የማይታጠበው ካፖርት በፕላስቲክ ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ቅማል ደም ካላገኘ ከሳምንት ብዙም አያልፍም፣ የተፈለፈለውም ይሞታል። ግማሹ ድንኳን ታጥቦ ግማሹ ከቀረ ድካሙ ከንቱ ነው።

ወደ መርፌው ስንመጣ፣ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በአንድ ጊዜ ሲገድል በሽተኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው፤ ግን ሊገድልም ይችላል። በሽተኛው መርፌ ተወግቶ ወደ ድንኳኑ አይሰደድም። ተኝቶ፣ ግሉኮስ ተተክሎለት፣ ግፊቱ እየተለካ ይጠበቃል፤ ብድግ ብሎ ሽንት ቤት እንዲሄድም አይፈቀድለትም።

እናቶች ለዘማቹ በሶ ያዘጋጁ ነበር። በሶ ብቻውን ወታደር ያኖራል? (አንባቢ፣ ከሰበታ)

አያኖርም፤ ለመንገድ ግን የሚወዳደረው የለም። ግማሽ ኪሎ በሶ ወደ 1,700 ካሎሪ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ ጭኖ የሚሄድ ሰው ከ3,000 በላይ ይፈልጋል። ገብሱ ተፈትጎ፣ እስኪሸት ተቆልቶ፣ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይፈጫል። ትኩሱ ከታሰረ ወበቁ እርጥበት ይሆንና ይሻግታል። ጨው አብሮ ይገባል። ቅቤ የገባበት ጩኮ ኃይል ይጨምራል፤ በቆላ ሙቀት ግን ቶሎ ይኮመጥጣል። ውሃ ከሌለ በሶ አይዋጥም፤ ስለዚህ ስንቅ ሲቆጠር ኮዳውም አብሮ መቆጠር አለበት።

በሰፈሩ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ባቄላና አተር የሚዘገዩት ለዚህ ነው፤ ወጥ ቤቱ ከቸኮለ ሠልጣኙ ሆዱን ተነፍቶ ያድራል። ማታ መዘፍዘፍ መፍትሔው ነው። የሚጠጣ ውሃም መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ጠመንጃ ሲፈተሽ ካዝናው ለምን በቅድሚያ ይወጣል? (አንባቢ፣ ከመናገሻ)

ካዝናው ሳይወጣ መቀባበያው ቢሳብ አንዱ ጥይት ይወጣል፣ ሌላው ይጎርሳል። ሠልጣኙ ባዶ መስሎት ቃታ ይስባል። ቅደም ተከተሉ፦ አፈሙዝ ሰው ወደሌለበት፣ ካዝና ማውጣት፣ መቀባበያውን መሳብ፣ ከዚያ በዓይንም በጣትም ማየት። የዘይቱ ነገርም ያሳስታል፤ በክረምት ዝገት ለመከላከል በብዛት የተቀባ ጠመንጃ አቧራማ ሜዳ ሲደርስ አሸዋውን ይይዝና ይነክሳል። ከመሄድ በፊት ተወልውሎ ስስ ቅባት ብቻ ይቀራል።

በብርድ ሠልጥኖ ኦጋዴን መውረድ አያስቸግርም? (አንባቢ፣ ከአሸዋ ሜዳ)

እጅግ ያስቸግራል። ገላ ሙቀት የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ፣ በሙቀቱ ውስጥ ቀስ በቀስ እየሠራ ነው፤ ደጋ ላይ የቱንም ያህል ቢሮጥ አይተካውም። በቆላ የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ሊያወጣ ይችላል፤ አንድ ኮዳ ውሃ ከአንድ ሰዓት አያልፍም ማለት ነው። ጥማት እስኪመጣ የጠበቀ ዘግይቷል።

ወባ ሌላው ነው። ደገኛው ከዚህ በፊት ስላልያዘው ሲይዘው ይበረታበታል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ከተነከሰ ቢያንስ ከሳምንት በኋላ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት የሚንቀጠቀጥ አዲስ ዘማች የመንገድ ድካም ይዞት ነው ተብሎ ይታለፋል። ደሙ በዚያው ቀን መመርመር አለበት።